የተረታ ሰው ወዴት ይሄዳል?

(ሐዋሳ ውስጥ ለወጣቶች፣ ለዕድር አመራሮችና ለሰፈር ሽማግሌዎች ካደረግኩት ንግግር የተዘጋጀ። ለዛውን ላለማጥፋት ብዙ አልነካካሁትም።)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ።

«ክርክር ባህላችን አይደለም» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኔ እንጀራዬ ጥብቅና ስለሆነ ይህን በሰማሁ ቁጥር ይገርመኛል። ነገሩን የሚናገረው ሰው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ሽንጡን ገትሮ እየተከራከረ ነው። ካላመናችሁ ነገ ጠዋት አሞራ ገደል ውረዱና በዓሣ ዋጋ ላይ የሚደረገውን ሙግት ስሙ። ወይ ከፒያሳ ባጃጅ ያዙና ስለ እንግሊዝ ኳስ አንድ ቃል ጣል አድርጉ። እስክትወርዱ ድረስ ሹፌሩ አይለቃችሁም።

መከራከርማ እንወዳለን። የሚያስፈራን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ነገ እንዴት እንተያያለን? አለቃዬ ቂም ይይዝብኛል? ጎረቤቴ ቡና ይጠራኛል ወይስ ይዘጋኛል? ስለዚህ ስብሰባ ላይ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ስብሰባው ሲያልቅ በር ላይ ቆመን ዋናውን ስብሰባ እንጀምራለን።

ስለ ክርክር ባህል ሲወራ ብዙ ሰው የሚያነሳው ድፍረትን ነው። ፈረንጅ ደፋር ነው፤ እኛ ይሉኝታ አለብን፤ እስያውያን ዝምተኞች ናቸው፤ እንዲህ እንዲህ ይባላል። እኔ ይህ አይዋጥልኝም። ሰው የትም ቢሆን ሰው ነው፤ መዋረድን ይፈራል። ልዩነቱ ለተረታው ሰው በተዘጋጀለት ቦታ ላይ ነው። ተረትቶ የሚገባበት ያለው ሰው አፉን ይከፍታል። የሚገባበት የሌለው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ዱላ ያነሳል። ዛሬ ይህችን አንዲት ጥያቄ ይዤ ነው የምዞረው፦ በየአገሩ የተረታ ሰው ወዴት ይሄዳል?

ከቤታችን ልጀምር።

በላ ልበልሃን ወጣቶቹ ምናልባት ከድራማ ታውቁት ይሆናል። ጥንት ግን ፍርድ ቤቱ ራሱ እሱ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። ዳኛ ከሌለ መንገደኛም ይዳኛል። ከገበያ የሚመለስ ሰው «እባክህ ፍረደን» ከተባለ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ መስማት ነበረበት። አስቡት እስኪ፤ ዛሬ ባጃጅ አስቁማችሁ ተሳፋሪውን «ና ፍረደን» ብትሉት።

ተሟጋቹ ይቆማል። ሸማውን ያስተካክላል፣ ዘንጉን ይጨብጣል። ነገሩን በግጥም፣ በምሳሌ፣ በተረት ያዋዛል። ሕዝቡ ከቦ ያዳምጣል። ልጆች እንኳ ሙግትን እንደ ጨዋታ ይለማመዱት ነበር። መሐል ላይ ደግሞ ውርርድ አለ። «በማር!» ይላል አንዱ። ሌላው «በፈረስ!» ይላል። «በበቅሎ!» ድረስ ይደርሳል። ዋስ ይጠራል፤ ያለ ዋስ ሙግት የለም።

ይህ ውርርድ ለእኔ ትልቅ ብልሃት ነው። አንደኛ፣ አፍ ብቻ የሆነውን ሰው ያጣራዋል። ማር የሚያስከፍል ከሆነ ሰው ያልጨበጠውን ነገር አይናገርም። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥብኛል። ሽንፈቱን ልክ ይሰጠዋል። የተረታው ሰው ምን እንደሚከፍል አስቀድሞ ያውቃል። ማሩን ይከፍላል፣ የተፈረደበትን ይፈጽማል። ነጠላው ይፈታል፣ ይሄዳል። ስሙን፣ ዘሩን፣ ሃይማኖቱን አልተወራረደም።

በላ ልበልሃን ወርቅ ላደርገው ግን አልፈልግም። አንደበተ ርቱዕ ሀብታም ቢመጣ ምላሱ የተሳሰረ ድሃ ምን ይውጠዋል? አንዱ በበቅሎ ሲወራረድ ሌላው ዶሮም የለውም። በ1950ዎቹ አዲሶቹ ሕጎች እየተከታተሉ ሲወጡ ይህ ሥርዓት ከፍርድ ቤት ወጣ። እኔ ዛሬ ችሎት ገብቼ ግጥም ልግጠም ብል ዳኛዋ «አቤቱታህን በጽሑፍ አቅርብ» ብለው ነው የሚያባርሩኝ። ልክ ናቸው። ብቻ አንድ ነገር አብሮ ሄደ። ሕዝብ ዳር ቆሞ ሁለት ሰው እስከ ጥግ ሲሟገት የሚያይበትና ተሟጋቾቹ በሰላም ሲለያዩ የሚመሰክርበት አደባባይ ጠፋ።

አሁን የሚያመውን ላንሳ።

1870 ዓ.ም.፣ ደሴ አጠገብ፣ ቦሩ ሜዳ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ ጠሩ፤ ምኒልክም ተገኙ። ክርክሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የጨረሱበት፣ ክርስቶስ ሁለት ልደት አለው ወይስ ሦስት የሚለው ነገር ነበር። በዕውቀት በኩል ካያችሁት አገሪቱ ካፈራቻቸው ከባድ ክርክሮች አንዱ ነው። ፍጻሜውስ? የተረቱት ሃሳባቸውን እንዲተዉ ታዘዙ። አሻፈረኝ ካሉት መሐል ምላሳቸው የተቆረጠ እንደነበሩ ተጽፏል። ከዚያ ለወሎ ሙስሊሞች ተጠመቁ የሚል ትእዛዝ ተከተለ። እነሱ ደግሞ ክርክሩ ውስጥ ሳይገቡ የተረቱ ናቸው።

መቶ ዓመት ገደማ ዝለሉ። 1968 ዓ.ም. ላይ አዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» የሚባል ዓምድ ነበረው። በአንድ ወገን የኢሕአፓ፣ በሌላ ወገን የመኢሶን ሃሳብ የያዙ ሰዎች እየተመላለሱ ይጽፉበት ነበር። ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ወይስ አይቋቋም የሚል ሙግት ነው። ዛሬ ብታነቡት ቋንቋው ይከብዳል፤ ሰዎቹ ግን አንብበው፣ አስበው ነው የሚጽፉት። ብዙም ሳይቆይ ብዕሩ በጥይት ተተካ። ነጭ ሽብር፣ ቀይ ሽብር መጣ። ጥይቱ ኢሕአፓንም መኢሶንንም በተራ በላ። ዝም ብሎ የሚያነበውንም ሳይቀር በላው።

ከዚያ የተረፉት ወላጆቻችን ናቸው «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እያሉ ያሳደጉን። ፈሪ ስለሆኑ አይደለም። ኮረንቲው ሰው ሲገድል በዓይናቸው ስላዩ ነው። በ1997ቱ ምርጫ እንደገና ተስፋ አደረግን። ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚዎቹ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ፤ ሰው ቤት ለቤት ተሰብስቦ እንደ ኳስ ጨዋታ አየው። ክርክሩ ያማረ ነበር። ከምርጫው በኋላ ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ። ወላጆቻችንም «ነገርናችሁ አይደል?» አሉን።

ስለዚህ «ክርክር ባህላችን አይደለም» የሚለውን እንዲህ ባርመው ደስ ይለኛል፦ መሟገቱንስ እናውቅበታለን፤ ለተረታው ቦታ ማዘጋጀቱ ላይ ነው የሰነፍነው።

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ የደከሙት አይሁዶች ይመስሉኛል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሁለት ትልልቅ ወገኖች ነበሩ፤ የሂሌል ቤትና የሻማይ ቤት። በሕጉ ላይ በማይቆጠር ነገር አይስማሙም። ታልሙድ የሚባለው መጽሐፋቸው እንደሚተርከው፣ በአንድ ነገር ሦስት ዓመት ተከራክረው መፍትሔ ጠፋ። በመጨረሻ ከሰማይ ድምፅ መጣ። የእነዚህም የእነዚያም ቃል የሕያው አምላክ ቃል ነው፣ ሕጉ ግን እንደ ሂሌል ቤት ይሁን አለ። መጽሐፉ ራሱ ቀጥሎ ይጠይቃል፤ ሁለቱም የአምላክ ቃል ከሆነ የሂሌል ቤት በምን በለጠ? መልሱ ዕውቀት አይደለም። ትሑቶች ስለነበሩና የሻማይን ቃል ከራሳቸው ቃል አስቀድመው ያስተምሩ ስለነበር ነው ይላል። እንግዲህ የባላጋራህን ሃሳብ አስቀድመህ ለተማሪህ የምታስተምር ከሆነ ተማሪህ ሰነፍ ሊሆን አይችልም።

የሻማይ ቤትስ? ተረታ፤ ግን አልተሰረዘም። ቃሉ እስከ ዛሬ እዚያው ገጽ ላይ አለ፤ ተማሪ ሁሉ ያጠናዋል። ሊቃውንቱ ጠይቀውታል፤ ሕጉ በብዙኃኑ ከሄደ የጥቂቶቹን ሃሳብ ለምን እንጽፋለን? ከሰጧቸው መልሶች አንዱ ለጠበቃ ጆሮ ሙዚቃ ነው። ነገ የሚመጣ ፍርድ ቤት ሊደገፍበት ይችላል። በእኛም ፍርድ ቤት ያልተስማማ ዳኛ የልዩነት ሃሳቡን ይጽፋል። ደንበኞቼ ግን «ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» ይሉኛል። ለዛሬ ምንም። ነገ ግን አይታወቅም።

ስለ ሞት ፍርድ ደግሞ ሁለት ደንብ ነበራቸው። አንደኛ፣ ሃሳብ የሚሰጠው ከታናሹ ዳኛ ተነስቶ ነው። ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ አፍሮ ይከተለዋላ። ሁለተኛውን ስሰማ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ነው የተቀመጥኩት። ዳኞቹ በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ጥፋተኛ ነው ካሉ ተከሳሹ ነፃ ይወጣል። እንዴት? እንደ እነሱ አባባል፣ አንድ ሰው እንኳ የሚከራከርለት ካጣ ነገሩ በደንብ አልታየም ማለት ነው። እኛ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብለን የምናጨበጭብበት ቦታ ላይ እነሱ ይደነግጣሉ።

እዚያው ታልሙድ ውስጥ አንድ የሚያሳዝን ታሪክ አለ። ራቢ ዮሐናንና ሬሽ ላኪሽ የትምህርት ጓደኞች ናቸው። ሬሽ ላኪሽ በፊት ሽፍታ ነበር። ዮሐናን ነው መልሶ ያስተማረው፤ እህቱንም ዳረለት። አንድ ቀን ስለ ሰይፍና ቢላ ክርክር ተነሳ፤ ተሠርቶ አለቀ የሚባለው መቼ ነው በሚል። ሃሳባቸው ተለያየ። ዮሐናን ተናደደና «ሽፍታ መሣሪያውን ያውቃል» አለው። አያችሁ? ከሰይፉ ወደ ሰውዬው ተሻገረ። ሬሽ ላኪሽ በዚያ ንግግር ተሰብሮ ታመመ፣ ሞተ። ለዮሐናን ሌላ ጥሩ ሊቅ አመጡለት። አዲሱ ሰው ዮሐናን የተናገረውን ሁሉ «ትክክል ነህ፤ ደጋፊ ማስረጃም አለ» ይለዋል። ዮሐናን አለቀሰ። ሬሽ ላኪሽ አንድ ነገር ስናገር 24 ተቃውሞ ያመጣብኝ ነበር፣ እኔም 24 መልስ እሰጥ ነበር፣ ነገሩም እንዲያ እየሰፋ ይሄድ ነበር አለ። ትክክል መሆኔን እኔ ራሴ አላውቅም ወይ ብሎ ተቆጣ። ልብሱን ቀዶ እየዞረ ሲጣራ አእምሮውን ሳተ ይላል። ዙሪያችሁን በአዎንታ ሰዎች የሞላችሁ አለቆች ካላችሁ ይህን ታሪክ ማታ አስቡበት።

ቲቤቶች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ላሳ ከተማ አጠገብ ሴራ የሚባል የቡድሃ ገዳም አለ፤ በ1419 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ። ግቢው ውስጥ መነኮሳት ሲከራከሩ ያየ ሰው ጠብ የተነሳ ነው የሚመስለው። አንዱ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ መልስ ሰጪው እሱ ነው። ሌላው ቆሞ ይጠይቃል። ጥያቄውን ሲያሳርፍ እግሩን ይመታል፣ እጁን ያጨበጭባል፣ ይጮሃል። የተቀመጠው ግን እንደፈለገ መተረክ አይችልም። መልሶቹ አጫጭርና የታወቁ ናቸው። እቀበላለሁ፤ ምክንያትህ አልጸናም፤ ከምክንያትህ ይህ አይከተልም። በቃ። ወደ ቤተሰብ ታሪክ፣ ወደ ስድብ የሚያሻግር መንገድ የለም። የራሱን ቃል ካፈረሰ ጠያቂው በጩኸት ያሳፍረዋል፤ ዙሪያው ይስቃል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ ቆሞ የነበረው ይቀመጣል። ጌሼ የሚባለውን የሊቅነት ማዕረግ ለማግኘት ዓመታት እንዲህ ነው የሚባጀው። መረታት እዚያ የትምህርቱ አካል ነው፤ ያልተረታ ተማሪ አልተማረም።

ሕንዶቹ የዚህ ሁሉ አባት ሳይሆኑ አይቀሩም። ኒያያ የሚባለው የጥንት የአመክንዮ ትምህርታቸው ክርክርን በሦስት ይከፍላል። እውነትን ለማግኘት የሚደረግ አለ። ለመርታት ብቻ የሚደረግ አለ። የራስን አቋም ሳይይዙ የሌላውን ለማፍረስ ብቻ የሚደረግ አለ። ሦስተኛው ሰውዬ ሁላችንም ቢሮ ውስጥ አለ፤ ስሙን አልጠራም። በተጨማሪ ሊቅ የራሱን ከማቅረቡ በፊት የተቃዋሚውን ሃሳብ አሟልቶ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። በኋላ ዘመን ደግሞ የሞጎሉ ንጉሥ አክበር በ1575 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት መከራከሪያ ቤት አሠራ። መጀመሪያ የሙስሊም ሊቃውንትን፣ ቀጥሎ ሂንዱዎችን፣ ጄይኖችን፣ ዞሮአስተራውያንን፣ ኋላም የካቶሊክ ሚስዮናውያንን አስገባ። የመጀመሪያው ጠብ ግን በሃይማኖት አልነበረም። ማን የት ይቀመጥ በሚለው ነበር! የስብሰባ አዘጋጅ የሆናችሁ ሰዎች፣ ብቻችሁን አይደላችሁም።

እንግሊዞችን በአጭሩ ልለፍ፤ ሁሌ የሚወሩት እነሱ ናቸው። ምክር ቤታቸው ፊት ለፊት የተፋጠጡ ወንበሮች አሉት። በ1941 እ.ኤ.አ. በቦምብ ሲፈርስ ቸርችል መልሰን እንደዚያው እንሥራው ብሎ ተሟገተ፤ ግማሽ ክብ አልፈልግም አለ። ለእኔ ግን ከወንበሩ ይልቅ ደመወዙ ይገርመኛል። ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቃዋሚው መሪ ተቃዋሚ በመሆኑ ብቻ ከመንግሥት ካዝና ይከፈለዋል። ተረታህ፤ እንግዲያው ና ደመወዝህን ውሰድና ንቀፈን እንደማለት ነው።

ጃፓኖች ደግሞ የእኛን የበር ላይ ስብሰባ በሥርዓት ያደርጉታል። ከስብሰባው በፊት አንድ በአንድ እየዞሩ ያማክራሉ፤ ተቃውሞ ያለው እዚያው ይናገራል፤ ሃሳቡም ይታረማል። ዋናው ስብሰባ ላይ ማንም በሰው ፊት አይረታም። ይህን ያዩ ሰዎች ጃፓን መከራከር አይችልም ይላሉ። ሆኖም ፉኩዛዋ ዩኪቺ የሚባለው መምህር በ1875 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ የንግግር አዳራሽ አሠርቶ ተማሪዎቹን ንግግርና ክርክር አለማመዳቸው። አዳራሹ ዛሬም ቆሟል። ባህል ድንጋይ አይደለም።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንመለስ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ ሶንጎ፣ ስለ ሲዳማ የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቁ አባቶች አሉ፤ ስሳሳት ያርሙኝ። በሲዳማ ባህል ጭሜሳ የሚባሉት የተከበሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር ያያሉ። ሀላሌ፣ እውነት፣ ከሁሉ በላይ ነው። ተናጋሪ ዝም ብሎ አይዘረግፍም። «አፊኒ?» ይላል፤ ሰምታችኋል ወይ ነው ነገሩ። መደማመጡ ሳይረጋገጥ ነገር አይጀመርም። የቦረናን ጉሚ ጋዮ ተመልከቱ። በየስምንት ዓመቱ ሕዝብ ተሰብስቦ ሕጉን ያያል፤ አባ ገዳን እንኳ እስከ መሻር ሥልጣን አለው። የጋሞ ዱቡሻም እንዲሁ አደባባይ ነው። መስከረም 2011 ላይ ቡራዩ ውስጥ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ አርባ ምንጭ ውስጥ የተቆጡ ወጣቶች ሲወጡ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። ይህን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ ለጥያቄዬ የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው። የተረታ ሰው የለም ይላሉ። ሁሉም እስኪስማማ ይወራል፣ ይቀጠራል፣ እንደገና ይወራል። ደስ ይላል። ግን ጠበቃ ነኝና ልጠርጥር። ሁሉም እስኪስማማ የሚባል ነገር ሁለት በሽታ አለው። አንዱን ፖላንድ አይታዋለች። ምክር ቤታቸው ውስጥ አንድ እንደራሴ «አልስማማም» ካለ ጉባኤው ይበተን ነበር። በ1652 እ.ኤ.አ. አንዱ አለ፤ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ፤ ጎረቤት ነገሥታትም ገንዘብ እየሰጡ «አልስማማም» የሚል ሰው ገዙ። በ1791 ልማዱን በሕግ ሻሩት፤ ግን ዘግይተው ነበር። በ1795 አገሪቱ ከካርታ ላይ ጠፋች። ሁለተኛውን በሽታ እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ሰው ሳይስማማ ደክሞት ይስማማል። «እሺ ይሁን፣ ይምሽብን እንዴ?» ብሎ ይነሳል። ያ ስምምነት አይደለም፤ ራት ናፍቆት ነው።

የእኔ ምርጥ የክርክር ቤት የትኛው ነው ብትሉኝ መልሴ ዕድር ነው። አትሳቁ። መዋጮ ይጨመር አይጨመር፣ ድንኳን ይገዛ ወይስ ይከራይ፣ ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ የት አደረገ በሚለው አንገት ለአንገት የሚናነቁ ሰዎችን አይቻለሁ። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ድምፅ ይሰጣል። የተረታው ሰው እያጉረመረመ ይወጣል። ግን ነገ ሰው ቢሞት ከረታው ሰው ጋር አንድ ቃሬዛ ይሸከማል። ዕድሩን ጥሎ እንዳይሄድ የሚይዘው ይኼ ነው፤ ሁሉም ቀባሪ ይፈልጋል። ተከራካሪዎቹን ከሃሳባቸው በላይ የሚያስተሳስር ነገር ካለ ክርክሩ የፈለገውን ያህል ይጋጋል፣ ቤቱ አይፈርስም።

አንድ የዘለልኩት ነገር አለ። እስካሁን የቆጠርኳቸው ተከራካሪዎች ሁሉ ወንዶች ናቸው። ይህን ልብ ያላችሁ እህቶች እንዳላችሁ ከፊታችሁ ይታያል። ሴቶች ከብዙው አደባባይ ዳር ነው የቆሙት። ዳር ሆነውም መንገድ አበጅተዋል። ኦሮሞ ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው ሲወጡ፣ ሲዳማ ሴቶች ሲቆ የሚሉትን በትር ይዘው ሲወጡ ወንዱ ይቆማል። ሕንዶች እንኳ አንድ አፈ ታሪክ አላቸው። ሻንካራ የሚባለው ሊቅ ከማንዳና ሚሽራ ጋር ሲከራከር ዳኛ የሆነችው የማንዳና ሚስት ነበረች፤ ባሏ ተረታ ብላ ፈረደች። ቲቤቶቹ ግን የጌሼን ማዕረግ ለራሳቸው ሴት መነኮሳት የሰጡት በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ 20 መነኮሳት ተቀበሉ። ስንት መቶ ዓመት ሙሉ ግማሹ ሰው ሳይጠየቅ ነው የተጨበጨበው። እንግዲህ ከተረታው ሰው በፊት ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ጭራሽ እንዲሟገት ያልተጠራ።

የምመኘው ትንሽ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የክርክር ክበቦች የሚደግፉትን ወገን በዕጣ ያውጡ፤ መሐል ላይ ቦታ ይቀያየሩ። የዕድርና የመሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ «በሙሉ ድምፅ» ከሚል የተረታውን ሃሳብ በሁለት መስመር ይጻፍ። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት የሌላውን ሃሳብ «አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ንገሩት። ስብሰባም ከታናሹ ይጀመር።

ጨርሻለሁ፤ ጥያቄ ካለ።

(በጥያቄው ሰዓት ከተነሱት ውስጥ አንዱን ብቻ ላክል።)

ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አባት ተነሱ። «ልጄ፣ ደህና ተናግረሃል። ከታናሹ ይጀመር ያልከውን ግን አልቀበልም» አሉ። «ልጁ አስቀድሞ ከተናገረ በኋላ እኔ ብቃወመው በሰው ፊት አሳፈርኩት ማለት ነው። እኔ ብቀድም ግን እሱ ዝም ብሎ ክብሩን ይጠብቃል። አንተ ለተረታው ቦታ ይሰጠው ትላለህ፤ እኔ እንዳይረታ አደርገዋለሁ።»

ጠንካራ ነገር ነው። «አባቴ፣ ልጁ እርስዎ የማያውቁትን ነገር ቢያውቅስ?» አልኳቸው።

«ማታ ቤቴ መጥቶ ይነግረኛል፤ በሬ ክፍት ነው።»

ከኋላ አንዲት ወጣት እጇን አወጣች። ማይኩ እስኪደርሳት አልጠበቀችም። «አባቴ፣ እኔስ? ማታ ቤትዎ ልመጣ አልችልም እኮ። እናቴ አትፈቅድልኝም፤ ሰፈሩም ያወራል።»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቆዝመው አሰቡ።

«ልክ ነሽ ልጄ» አሉ። «እንግዲያው ስብሰባው ላይ አንቺ ቅደሚ። ወንዶቹ ግን ማታ ይምጡ።»